የመርከበኞቹ ጎመን

ባለፈው ሐሙስ የወንድሜ ልጅ ሶስና ደወለችልኝ። «አክስቴ፣ አባዬ ዛሬም ምንም አልቀመሰም» አለች። ድምጿ ሲያለቅስ የዋለ ሰው ድምፅ ነበር። «ነርሷ ፎርስ አታድርጉት ትላለች። እንዴት ዝም እላለሁ? እና ስትመጪ ከፌርፋክስ የሚወደውን ነገር ይዘሽለት ነይ። ምናልባት ካንቺ እጅ ይበላ ይሆናል።»

እሺ ብያት ወጣሁ። ጃካራንዳው ያበበበት ሰሞን ነው፤ ሐምራዊ አበባው በየመኪናው ጣሪያ ላይ ረግፎ ይጣበቃል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የኛ ሰው ምግብ ቤቶች ባሉበት በፌርፋክስ መንገድ ላይ ፓርኪንግ ፍለጋ ስዞር የየምግብ ቤቱ የቁሌት ሽታ በመስኮቴ ይገባል። ክትፎ ልውሰድለት? አጥሚት ላሠራለት? ዱለት ሲወድ ለጉድ ነበር። እያሰብኩ እያሰብኩ ሰፈራችንን አለፍኩት፤ ኦሎምፒክ የሚባለውንም ጎዳና ተሻገርኩ፤ ወደ ሰሜን ነድቼ ነድቼ የአይሁዶቹ ግሮሰሪ ደጅ ላይ ቆምኩ። እዚያ ቤት ኮምጣጣ ጎመን ይሸጣል፤ በጨው ታሽቶ፣ ከርሞ የኮመጠጠ፣ በጠርሙስ የታሸገ። አንዱን አንሥቼ ስከፍል ሻጯ ልጅ «ይሄ ለሆድ ግሩም ነው፤ አሁን ሰው ሁሉ የሚበላው ይሄንን ነው» አለችኝ። ብዙ ልላት ነበር፤ ተውኩት።

መኪናዬ ውስጥ ተመልሼ ጠርሙሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ። እኔና ይህ ጎመን የቆየ ትውውቅ አለን። ያስተዋወቁን ከሞቱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሆናቸው የእንግሊዝ መርከበኞች ናቸው ብል ማን ያምነኛል? የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ያኔ ሃያዎቹን ገና አጋምሻለሁ። መንገዱ ሊትል ኢትዮጵያ የሚል ስም አልወጣለትም ነበር፤ ጥቂት የኛ ምግብ ቤቶች፣ አንድ ሁለት ሱቅ፣ ከዚያ የተረፈው አሮጌ የቤት ዕቃ የሚሸጡ ፈረንጆች ናቸው። እኔ በሱዳን በኩል ቀድሜ የመጣሁ ነኝ። ከመንገዱ ጀርባ አንዲት ጠባብ አፓርታማ ተከራይቻለሁ፤ ከሥሬ እትዬ በላይነሽ ይኖራሉ። እትዬ በላይነሽ የምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ነበሩ። ልጅ ስላልወለዱ ሰፈሩን በሙሉ እንደ ልጃቸው ያበሉታል፤ አልበላም ያላቸው ሰው እንደ ሰደባቸው ነው የሚቆጥሩት።

ወንድሜ አስራት ከእኔ በጥቂት ዓመት ይበልጣል። ባሕር ኃይል ገብቶ ምጽዋ ተመድቦ ነበር። ናዝሬት ስናድግ ከአዋሽ የበለጠ ውኃ አይተን አናውቅም፤ ባሕር ኃይል ልገባ ነው ሲል ቤተሰቡ በሙሉ ስቆበታል። በጦርነቱ ማብቂያ ላይ እሱና ጓደኞቹ በትንሽ ጀልባ ሲሸሹ ሞተሩ ባሕር መሀል ቆመ። ነፋስ እየገፋ ወሰዳቸው፤ በመጨረሻ ዓሣ አጥማጆች አግኝተው የመን አደረሷቸው። ከተሳፈሩት ሁሉም አልደረሱም። ይህን የነገረኝ ከየመን የመጣ ሌላ ሰው ነው። አስራት ራሱ ግን ያኔ ስለዚያች ጀልባ ትንፍሽ አይልም ነበር።

እኔ ጋ እንዲመጣ ተፈቅዶለት ኤርፖርት ልቀበለው ስሄድ አጠገቤ አልፎ ሄደ፤ አላወቅሁትም። ኮቱ እንጂ ሰውየው የመጣ አይመስልም ነበር። አቅፌው ሳለቅስ አጥንቱ ወጋኝ። ግድ የለም አልኩ በሆዴ፤ እዚህ አገር ሌላው ሁሉ ቢጠፋ ምግብ አይጠፋም፤ በልቶ በልቶ ይመለሳል።

መጀመሪያ ላይ ትንሽ ትንሽ ይበላ ነበር። እኔ ሥራ ስውል ብቻውን ዳቦ ይቆርሳል፣ ሻይ ያፈላል። ነገሩ የተበላሸው ሰው ሊጠይቀው መምጣት ሲጀምር ነው። እኛ መቼም የከሳ ሰው አይተን ዝም ማለት አይሆንልንም። እትዬ በላይነሽ ዶሮ ሠርተው ይወጣሉ፤ ሌላዋ ገንፎ ታመጣለች፤ ሌላዋ ቅንጬ በቅቤ። ከበውት ይቀመጡና ይጀምራሉ። «አፍህን ክፈት የኔ ጌታ። አፈር ስሆን። እምቢ ትለኛለህ? በሞቴ፣ ይቺን ብቻ።» አንዷ ካጎረሰችው ሌላዋ ተረኛ ናት፤ ያንዷን ተቀብሎ የሌላዋን መመለስ ነውር ነው። እኔም ከመሀላቸው ነበርኩ፤ እንዲያውም እጄን ታጥቤ የምጠብቅ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። ጉርሻው ወደ አፉ ሲቀርብ የአስራት ግንባር ላይ ላብ ችፍ ይላል፤ ጥርሱ ግጥም ይላል። በይሉኝታ ቢውጣት ተነሥቶ መታጠቢያ ቤት ይሮጣል፤ የገባው ሁሉ ይወጣል። እኛ ደግሞ አልበቃውም ብለን በማግስቱ አብዝተን እናጎርሰዋለን። እያለ እያለ ብቻውንም መብላት ተወ። ስኳር የበዛበት ሻይ ብቻ ቀረው።

በዚያ ክረምት ዝናቡ አላባራ ብሎ ነበር። ሎስ አንጀለስ ዝናብ አታውቅበትም፤ ጎርፉ መንገዱን ይሞላዋል፣ አውቶቡስ ይዘገያል፣ ሰው ሁሉ የዓለም መጨረሻ የመጣ ይመስለዋል። በዚያ ዝናብ ይዤው ክሊኒክ ሄድኩ። ዶክተሩ አገላብጦ መረመረውና «ሰውነቱ ላይ በሽታ አላገኘሁም፤ እንዲህ ከቀጠለ ግን ልቡ ይቆማል» አለኝ። ሆስፒታል አድሚት ተደረገ፤ በአፍንጫው ያስገቡለትን ቱቦ ነቅሎ ጣለው። ከሚያነጋግር ባለሙያ ጋር አስቀመጡት፤ አስተርጓሚው ጠይቆ ጠይቆ ሲደክመው ሁለቱም ዝም ብለው ግድግዳ አዩ። ጸበል አመጣሁለት። ጴንጤ ጎረቤቶቼ መጥተው እጃቸውን ጭነው ጸለዩለት። ጸበሉን ጠጣ፣ ለጸሎቱም አሜን አለ፤ ምግቡን ግን አልነካም።

እውነቱን ልናገር፣ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ጠዋት ከቤት ስወጣ በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ጆሮዬን እለጥፋለሁ፤ ትንፋሹን ለመስማት። ስመለስ ደረጃው ሥር እቆማለሁ፤ ወጥቼ የማገኘውን ፈርቼ። ናዝሬት ያለች እናቴ በስልክ «ልጄ ሥጋ አወጣ ወይ?» ስትለኝ «ወፍሯል እማዬ» እላታለሁ። ባሕር ያልበላው ልጇ እኔ ቤት፣ በሞላ ማዕድ ፊት፣ በረሃብ ሊሞት ነው።

ሥራዬ ሳንታ ሞኒካ ነበር። ሚስተር ፔንደር የሚባሉ እንግሊዛዊ ሽማግሌ እንከባከባለሁ። በወጣትነታቸው በእንግሊዝ ባሕር ኃይል አገልግለዋል፤ ሚስታቸው አሜሪካዊት ስለነበረች እዚህ መጥተው ቀሩ። እሷ ሞታ፣ የራሳቸውም እግር ከድቷቸው፣ የሚውሉት ፊቱን ወደ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ያዞረው መስኮት አጠገብ ነው። ግድግዳው ካርታ በካርታ ነው። ወሬያቸውም አንድ ነው፤ በድሮ ጊዜ የእንግሊዝ መርከቦች ይህንን ውቅያኖስ እንዴት እንዳሰሱት። በተለይ ሦስት ጊዜ የሄደ አንድ ካፒቴን ነበር፤ ስለ እሱ ሲያወሩ አጎታቸው ነው የሚመስለው። ካርታ ላይ ያልሰፈረ ባሕር ላይ ዓመታት የምትቆይ መርከብ፣ በረዶ ተራራ ሆኖ የሚንሳፈፍበት ደቡብ፣ እንደ ዳቦ የሚጋገር ፍሬ የሚያፈራ ዛፍ፣ ደሴቶቹን ሁሉ በቃሉ ይዞ ለእንግሊዞቹ መንገድ ያመለከተ የደሴት ሰው። እኔ አንሶላ እየቀየርኩ፣ ሾርባ እያሞቅኩ እሰማለሁ።

አንድ ቀን «አገኙ፣ አገኙ ይላሉ፤ ዓሣና ኮኮናት ይዘው በታንኳ የተቀበሏቸው ሰዎች ጠፍተው ነበር እንዴ?» አልኳቸው። እንግሊዝኛዬ እንደ ነገሩ ነው፤ ግን ገባቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። «ጠፍተን የነበርነውስ እኛ ነን» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኳቸው።

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ምሳዬን ከፍቼ ማንኪያው አልነሣ አለኝ። አስራት ሻዩንም መተው ጀምሯል። ምግቡን ሳየው እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሚስተር ፔንደር ዓይናቸው ቢደክምም ጆሯቸው ደህና ነበር። «ምን ሆነሻል?» አሉኝ። ነገርኳቸው፤ ጀልባውን፣ ሴቶቹን፣ ጉርሻውን፣ ቱቦውን። እንደ ልማዳቸው ከመርከብ ጀመሩ። ሰው ሊሞትብኝ ነው ስላቸው ተረት ያወሩልኛል ብዬ በሆዴ ተናደድኩ።

በዚያ ዘመን መርከበኛን ከማዕበልም ከጦርም በላይ የሚጨርሰው አንድ በሽታ ነበር አሉኝ። ወራት ሙሉ ለምለም ነገር ሳይቀምስ የጨው ሥጋና ደረቅ ብስኩት የበላ ሰው ድዱ ያብጣል፣ ጥርሱ ይረግፋል፣ እግሩ ይጠቁራል፤ የዳነ የድሮ ቁስሉ እንኳ እንደገና ይከፈታል። ካፒቴኑ መድኃኒት ይሆናል ብሎ ኮምጣጣ ጎመን በበርሜል ጭኖ ነበር። መርከበኞቹ ግን ሽታውን ጠልተው አንነካም አሉ።

«ታዲያ ገረፋቸው?» አልኩ።

«መግረፍማ ይችል ነበር፤ በሌላ ነገር ይገርፍም ነበር። በዚህ ግን አልገረፈም። አልለመናቸውምም። ጎመኑ በየቀኑ ለመኮንኖቹ ገበታ ይቅረብ አለ። መኮንኖቹ እያጣጣሙ በሉ። መርከበኛው ከፈለገ ይውሰድ፣ ካልፈለገ ይተወው ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ካልበላሁ አለና ጎመኑን በመስፈሪያ ማደል ግድ ሆነ።» ከዚያ እጄን ፈልገው ያዙ። «ወንድምሽን ተዪው። ብላ አትበዪው፤ ዓይን ዓይኑንም አትዪው። ፊቱ ተቀምጠሽ አንቺ ብዪ።»

በአውቶቡስ ስመለስ ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው እያልኩ ነበር። እኛ እንኳን ለተራበ ወንድማችን፣ የማናውቀው ሰው በበራችን ቢያልፍ እንብላ ሳንል አንጎርስም። ሰው ፊት ብቻውን የሚበላ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ነገር ግን ሌላ የቀረኝ ነገር አልነበረም። ከአውቶቡስ ወርጄ በፌርፋክስ ወደ ሰሜን በእግሬ ሄድኩና ያንን ጎመን ገዛሁ። በሞኝነቴ አትፍረዱብኝ፤ መድኃኒቱ ዘዴው ይሁን ጎመኑ ስላላወቅሁ ሁለቱንም ያዝኩ።

እትዬ በላይነሽን ደረጃው ላይ አገኘኋቸው፤ ድስት ይዘው ወደ እኔ ቤት እየወጡ።

«እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ምግብ አያምጡ። ለሌሎቹም ይንገሩልኝ። ማንም እንዳያጎርሰው፤ ብላም እንዳይለው።»

«ምን አልሽ?»

«ለጊዜው ነው። ልሞክረው የፈለግሁት ነገር አለ።»

«ልጄ፣ አእምሮሽ ደህና ነው? ወንድምሽን በረሃብ ልትገድዪው ነው?»

«እንደሱ አይበሉ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ልበል? እናትሽ ብትሰማ ምን ትላለች? ሊሞት የደረሰን ሰው ምግብ ከለከለችው ሲባል ሰው ምን ይላል?»

ድስቱን ደረጃው ላይ አስቀምጠው ወረዱ፤ ሲወርዱ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ በኋላ ሰላምታም ነፈጉኝ።

እንጀራና ጎመን ለራሴ ብቻ አቀረብኩ። አስራት ሶፋው ላይ ተጋድሟል፤ እኔ ጠረጴዛው ጋ ጀርባዬን ሰጥቼው እበላለሁ። እንብላ የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጥታ ታንቀኛለች። ጎመኑ ሲበዛ ይኮመጥጣል፤ ከእንባዬ ጋር ዋጥኩት። እሱ ከሶፋው አልተነሣም። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ፣ በሌላውም ቀን። ውጪ ዝናቡ ይዘንባል፤ እኔ ጥርሴን ነክሼ እየበላሁ፣ ከኋላዬ የሚንቀሳቀስ ነገር እንዳለ አዳምጣለሁ። እትዬ በላይነሽ ለሰው ሁሉ ነግረው ኖሮ ሱቅ ስገባ ሴቶቹ ወሬ ያቋርጡ ጀመር።

አንድ ቀን ስመለስ አስራት ከሶፋው ለመነሣት ሞክሮ ወለሉ ላይ ወድቆ አገኘሁት። እጁን ስይዘው የሕፃን እጅ ያህል ነው የቀለለኝ። እየገደልኩት ነው አልኩ። በአንድ ሽማግሌ ወሬ፣ ከሞተ ስንት ዘመኑ በሆነ ካፒቴን ዘዴ፣ የእናቴን ልጅ እየገደልኩት ነው። ሲነጋ ሆስፒታል እወስደዋለሁ፤ አስረውም ቢሆን ያብሉት፤ ከእንግዲህ ይህን ጎመን ዓይኑን አላየውም ብዬ ወሰንኩ።

ማግስቱ እሑድ ነበር። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ምንጣፉ ላይ ተኝታለች። ከመሄዳችን በፊት እኔው ልቅመስ ብዬ የቀረችውን ጎመን አቀረብኩ። አልራበኝም፤ እጄ ለምዶበት ነው። ጎርሼ ሳልውጥ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«ምንድን ነው እሱ የሚከረፋው?»

ዞር አላልኩም። «ጎመን ነው። የድሮ መርከበኞች የሚበሉት።»

«እኛ እንዲህ ያለ ነገር አልበላንም።»

«እናንተ ምን ትበሉ ነበር?»

«ኮቾሮ» አለ፤ የወታደሩን ደረቅ ብስኩት ማለቱ ነው።

ግድግዳውን ይዞ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ዓይኔን ከሳህኑ አላነሣሁም። በሁለት ጣቱ ጎመኑን ቆንጠር አድርጎ አፉ ውስጥ ከተተው። ረጅም ጊዜ አኘከው። ጥርሱ ጠርሶ ፊቱን ሲያጨማድድ በዓይኔ ጥግ አየሁት። ከዚያ ከእንጀራዋ ጫፍ ጥፍር የምታህል ቆረሰ። እኔ የማደርገው ስላጣሁ ባዶ አፌን አኝክ ነበር።

«ግርማ አጠገቤ ነበር» አለ። ግርማ አብሮት የሠለጠነ ጓደኛው ነው፤ ናዝሬት ቤታችን ለፋሲካ መጥቶ ያውቃል። «ጀልባው ላይ የቀረውን ተካፈልን። እኔ የኔን ቶሎ ጨረስኩ። እሱ ድርሻውን ሳይነካ አስቀምጦ ኖሯል። ጉሮሮዬ ደርቆ መናገር ሲያቅተኝ ያቺን ኮቾሮ በቀረችው ውኃ አራሳትና በእጁ አፌ ላይ አደረጋት። ልክ እንደ ሠርግ ቤት። እምቢ አልኩት። ‹ጉርሻ አይመለስም› አለኝ። እየሳቀ ነው የሚያጎርሰኝ። ዋጥኳት። ሲነጋ ብቀሰቅሰው፣ ብቀሰቅሰው አልነቃም።»

ከእንጀራዋ ሌላ ጥፍር የምታህል ቆረሰ።

«ድርሻውን በልቼበት ነው የመጣሁት። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሲያጎርሰኝ የሚመጣብኝ የእሱ እጅ ነው።»

ለካ ያ ሁሉ ዶሮ፣ ያ ሁሉ ገንፎ፣ ያ ሁሉ በሞቴ፣ በየቀኑ ግርማን አጠገቡ መልሶ እየገደለበት ነበር። አንተ አልገደልከውም አልኩት። የሰማኝ አይመስለኝም። ግን መቁረሱን አላቆመም፤ ማንም ሳይለው፣ በገዛ እጁ። ሆስፒታል አልሄድንም።

ለእትዬ በላይነሽ ስነግራቸው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉና ደረታቸውን ያዙ። «በእጄ ልገድለው ነበር በይኛ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድስታቸውን ደጄ ላይ እያስቀመጡ፣ አንዴ አንኳኩተው፣ ሰው እንዳያያቸው ዕድሜያቸውን ረስተው ደረጃውን እየሮጡ ይወርዱ ነበር።

ሚስተር ፔንደር ይህን ስነግራቸው እንደ ሕፃን ደስ አላቸው። በዚያው ጨዋታ ግን ካፒቴኑ እንዴት እንደሞተ ጠየቅኳቸው፤ ሁልጊዜ ከዚያ በፊት ነው የሚያቆሙት። ፊታቸው ጠቆረ። በሦስተኛው ጉዞ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር አሉ፤ የደከመው፣ ሆዱን የሚያመው፣ ቶሎ የሚቆጣ። ሰሜን፣ በረዶው ውስጥ፣ ረጅም ጥርስ ያለው ግዙፍ የባሕር አውሬ አስገደለና ይህንን ብሉ አላቸው። ሥጋው ዘይት ዘይት የሚል፣ የሚያስመልስ ነው። አንበላም ሲሉት፣ ያ ጎመኑን በትዕግሥት ያስበላ ሰው ሌላውን ምግብ ከልክሎ በግድ ሊያስበላቸው ተነሣ። መርከቡ በሙሉ አደመበት። ከዚያ በኋላም ከአንድ ደሴት ሰዎች ጋር ተጣልቶ ንጉሣቸውን ይዞ ሊሄድ ሲል ባሕሩ ዳር ላይ ገደሉት። «ያወቀውን ረስቶት ነበር» አሉኝ። እሳቸውም በሚቀጥለው ዓመት ሞቱ።

አስራት ዳነ አልልም፤ ኖረ። ኢንግልዉድ ቤት ይዞ ኤርፖርት ታክሲ ነዳ፤ አገባ፤ ሶስናን ወለደ። ጉርሻ ግን ከማንም ተቀብሎ አያውቅም፤ ሰጥቶም አያውቅም። ሠርጉ ላይ ሙሽሪትን አጉርስ ሲባል ሳህኑን ወደ እሷ አስጠጋላትና እጁን አጣጠፈ፤ ሰው አጉረመረመ፤ ሚስቱ ነፍሷን ይማረውና ነግሬያት ስለነበር ፈገግ ብላ በራሷ እጅ በላች። ሶስናንም ያሳደጋት በማንኪያ ነው። ልጅቷ አባቷ ለምን እንደማያጎርሳት ጠይቃኝ አታውቅም፤ እንዲህ ያለ አባት ነው ብላ ለመደችው።

እንግዲህ ሐሙስ ዕለት ጠርሙሴን ይዤ ባልድዊን ሂልስ፣ ሶስና ቤት ወጣሁ። አስራት የተኛበት ክፍል መስኮት ከኮረብታው ላይ ከተማውን አሻግሮ ያሳያል፤ ሰማዩ ከጠራ ባሕሩም በቀጭኑ ይታያል። ካንሰር ጨርሶታል። ያ ኤርፖርት የተቀበልኩት ሰው ተመልሶ መጥቷል፤ አሁን ግን ፀጉሩ ነጭ ነው። ሶስና ማንኪያ ይዛ አጠገቡ ተንበርክካለች። «አባዬ ፕሊስ፤ አንድ ብቻ። ለኔ ስትል።» እሱ ከንፈሩን ገጥሟል። ግንባሩ ላይ ያን ላብ አየሁት።

እኔም ሰው ነኝ። ማንኪያውን ነጥቄ፣ መንጋጋውን ይዤ፣ ብላልኝ ወንድሜ፣ አትሂድብኝ ልለው እጄ ተነሥቶ ነበር። ያኔ ያ ካፒቴን ትዝ አለኝ፤ በመጨረሻው ጉዞ ያወቀውን የረሳው። ሶስናን ትከሻዋን ነካሁና ማንኪያውን አስቀምጪ አልኳት። ሳህን አምጥቼ እንጀራና ጎመን አቀረብኩ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ እንብላ ሳልል፣ ሳላየው መብላት ጀመርኩ። ሶስና አክስቷ ያበደች መስሏት አፏን ይዛ ታየኛለች።

ቆይቶ «ያ ጎመን ነው?» አለ። ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ነው።

«ነው።»

«አሁንም ይከረፋል።»

ሳቅኩ፤ እያለቀስኩ ሳቅኩ። እጁ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ወደ ሳህኑ ሲሄድ አየሁ። እኔም እንደገና፣ እንደዚያ እሑድ፣ ሊበላ ነው ብዬ ልቤ ተሰቀለ። እንጀራዋን ቆረሰ፤ ጎመኑን ጠቀለለባት፤ ተበተነበት፤ ለቅሞ እንደገና ጠቀለለ። ከዚያ እጁ ወደ አፉ አልሄደም። ወደ እኔ መጣ። ዓይኔን አነሣሁ፤ ፈገግ ብሏል።

ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። የሚያጎርሰኝ ድርሻውን ነው። እንዲህ ያለውን ጉርሻ ተቀብሎ ዕድሜ ልኩን የተሸከመው ሰው መልሶ ሲሰጠኝ እምቢ ልለው እንዴት እችላለሁ? ሶስና ከኋላዬ «አባዬ፣ ላንተ ነው እኮ» ትላለች። አፌን ከፈትኩ። ስውጥ ጉሮሮዬን እያየ ነበር፤ መውረዱን ሲያረጋግጥ ራሱን ትራሱ ላይ ጣል አድርጎ እፎይ አለ። ያ ሁሉ ዓመት ፊቱ ላይ እፎይታ አይቼ አላውቅም።

እሑድ ጠዋት አረፈ። ለቅሶ የመጣው ሰው አሁን ከቦኝ «በሞቴ፣ ትንሽ ቅመሺ» ይለኛል፤ እቀበላለሁ፤ እነሱ ምን ያድርጉ። ሲሄዱልኝ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ያን የእሱን ጉርሻ አስባለሁ። ስንት ዘመን የግርማን ድርሻ በላሁበት ሲል አትበል እለው ነበር፤ እኔ ምኑን አውቄ። ግርማ ለምን እየሳቀ እንዳጎረሰው ግን አስራት በመጨረሻ እኔን ሲያጎርስ በገዛ እጁ ያወቀው ይመስለኛል። ለኔ ገና ነው። የዋጥኩትን ይዤ ለመኖር ገና እየተማርኩ ነው።